«አላውቅም» ያሉት መምህር

የማኅበራችን የመጽሔት ኮሚቴ «ከታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲለኝ ስለ ሕክምና ትምህርት ቤታችን እንደምጽፍ ሁሉም ጠብቆ ነበር። እኔም እንደዚያው አስቤ ጀምሬ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን የጻፍኩት ስለ አንድ የፊዚክስ መምህር ሆነ። ምክንያቱን ስታነቡ ኮሚቴውም እናንተም ይቅር ትሉኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ራውንድ ላይ ነው። በልብ ድካም የተኙ አንዲት እናት አልጋ አጠገብ ቆመናል። ኢሲጂያቸውን አይቼ የላይኛው የልብ ክፍል ምቱን ስቶ ይርገበገባል ብዬ ወስኛለሁ። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን እንዲጀመርላቸውም አዝዣለሁ። አንድ ኢንተርን ወረቀቱን ትኩር ብሎ አየና «ዶክተር፣ ይሄ ትንንሹ መንቀጥቀጥ ከልባቸው ነው ወይስ ከማሽኑ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አላወቅኩም። ግን «አላውቅም» አላልኩም። «አንተ መጀመሪያ ሂስትሪህን በደንብ ውሰድ» አልኩት። ሬዚደንቶቹ ፈገግ አሉ፣ ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም።

በዚያው ሳምንት፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ራይነር ዋይስ በ92 ዓመታቸው አረፉ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሕይወት ታሪካቸውን ሳነብ እንቅልፌ ጠፋ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋይስ በ1932 በርሊን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው እንደኛው ሐኪም ነበሩ። አይሁዳዊም ኮሚኒስትም ስለነበሩ ናዚዎች መቆሚያ መቀመጫ አሳጧቸው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ ፕራግ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ኒውዮርክ ያደገው ልጅ ሬዲዮና የድምፅ መሣሪያ መፈታታትና መጠገን ይወድ ስለነበር ማሳቹሴትስ የሚገኘው ታዋቂው የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ፣ ገባ። እዚያም ሳይጨርስ ቀረ። የወደዳትን ልጅ ተከትሎ ወደ ቺካጎ ሲሄድ ትምህርቱን ጥሎ ነበርና ተባረረ። በእኛ የግቢ ቋንቋ «ዲስሚስ» ተደረገ ማለት ነው።

ያነሱት ሰው ፕሮፌሰር ጄሮልድ ዛካሪያስ ናቸው። እኚህ ሰው የአቶም ሰዓትን ለሥራ ካበቁት አንዱ ሲሆኑ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት እንደ አዲስ እንዲቀረጽ ያደረጉም ናቸው። የተባረረውን ልጅ በቤተ ሙከራቸው በቴክኒሺያንነት ቀጠሩት። እጁን አዩ፣ ዕድል ሰጡት፣ ትምህርቱንም ቀጠለ። ዋይስ በ1962 ዶክትሬታቸውን ይዘው ከዚያው ተቋም ወጡ፤ ጥቂት ቆይተውም መምህር ሆነው ተመለሱ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ተቋማቸው የአንስታይንን አጠቃላይ አንጻራዊነት እንዲያስተምሩ መደባቸው። ዋይስ የሙከራ ሰው እንጂ የዚያ ሒሳብ ሰው አልነበሩም። ከተማሪዎቻቸው የሚቀድሙት በአንድ የቤት ሥራ ያህል ብቻ እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በዚያ ወቅት ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ዌበር ትልልቅ የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች ሰቅለው የስበት ሞገድ እያደኑ ነበር። የስበት ሞገድ ማለት ከባድ አካላት ተሽከርክረው ወይም ተጋጭተው የሕዋን ጨርቅ ሲያርገበግቡት የሚፈጠር ማዕበል ነው። ሲያልፍ በመንገዱ ያለውን ነገር ሁሉ በአንድ በኩል ይስባል፣ በሌላው በኩል ያጠብባል። አንስታይን በ1916 ተንብዮታል። በ1936 ግን ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ «የለም» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። ጽሑፉን የመረመረው ሰው ስህተት ቢያገኝበት ተቆጥቶ ከመጽሔቱ አወጣው፤ በኋላ ድምዳሜውን አርሞ ሌላ ቦታ አሳተመው። አንስታይንም ይሳሳታል እንግዲህ።

ተማሪዎቹ ዋይስን «የዌበር መሣሪያ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። ዋይስ አጥንተው ሊገባቸው አልቻለም፤ እንዳልገባቸውም ለተማሪዎቹ ነገሩ። ከዚያ ራሳቸው የሚገባቸውን ቀለል ያለ መንገድ ፈለጉና የቤት ሥራ አድርገው ሰጧቸው፦ በነፃነት የተንጠለጠሉ ነገሮች አሉ እንበል። በመካከላቸው ብርሃን እያመላለስን ርቀታቸውን ብንለካ፣ ሞገዱ ሲያልፍ ምን እናያለን?

ዌበር በ1969 ሞገዱን አገኘሁ ብለው አስታወቁ። ሌሎች ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ቢሞክሩ ምንም አላገኙም። ዌበር እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2000 ድረስ፣ ቃላቸውን አላጠፉም። ልፋታቸውን ማንም አይክድም፤ ይህን ፍለጋ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። መስኩን ወደፊት የወሰደው መሣሪያ ግን የበቀለው ከዚያች የቤት ሥራ ነው።

ዋይስ በ1972 የቤት ሥራውን አስፍተው ጻፉት። ያወጡት በትልቅ መጽሔት አልነበረም፤ በቤተ ሙከራቸው የሦስት ወር ሪፖርት ነው። ጽሑፉ ስለ ሞገዱ ከሚያወራው ይልቅ ሞገዱን ስለሚመስለው ረብሻ ያወራል፦ የመሬት ንዝረት፣ የመስታወቱ የራሱ ሙቀት፣ የሌዘሩ መወላወል፣ ሌላም ሌላም። ኢሲጂ ያነሳ ሰው ይህን አያጣውም። ታካሚው ይበርደዋል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ የመብራት መስመሩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይገባል። ልቡን ለማየት መጀመሪያ ልብ ያልሆነውን ማወቅ የግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን የተማሪዎች ታሪክ ነው። ሞገዱ ሳይገኝ ስንቱ ገብቶ ተመርቋል! የመመረቂያ ጽሑፋቸው «አገኘን» አይልም፤ ይህን ረብሻ ይህን ያህል ቀነስን ነው የሚለው። ከካራቺ፣ ፓኪስታን፣ የመጣችው ኔርጊስ ማቫልቫላ የዋይስ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። በ1997 የጨረሰችው ሥራ መስታወቶቹ አቅጣጫቸውን ሳይስቱ እንዴት ይቆማሉ የሚል ነበር። ዛሬ በዚያው ተቋም የሳይንስ ትምህርት ቤት ዲን ናቸው።

ስለ ተማሪዎች ካነሳን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1967 የካምብሪጅ ተማሪዋ ጆሴሊን ቤል በመመዝገቢያ ወረቀት ላይ ያየችው ትንሽ ግርፍርፍ ፐልሳር የሚባሉትን ኮከቦች አስተዋወቀን። የ1974ቱን የኖቤል ሽልማት ግን አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽ ከማርቲን ራይል ጋር ወሰዱ። በዚያው በ1974 ተማሪው ረስል ሃልስ ከአማካሪው ከጆሴፍ ቴይለር ጋር እየሠራ በፖርቶ ሪኮው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ጥንድ ኮከቦች አገኘ። እየተጠጋጉ መሄዳቸው የስበት ሞገድ ጉልበት እየወሰደባቸው መሆኑን አስረዳ። በ1993 ሽልማቱን መምህርና ተማሪ አብረው ተቀበሉ። የተማሪን ሥራ የምናማክር ሁሉ ከሁለቱ የትኛውን እንደምንመስል ብናስብበት አይከፋም።

ዋይስ፣ ኪፕ ቶርንና ሮናልድ ድሬቨር የጠነሰሱት ላይጎ የተባለው መሣሪያ ግንባታው በ1994 ተጀመረ። አንዱ ሉዊዚያና፣ አንዱ ዋሽንግተን ግዛት ነው፤ በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር አለ። እያንዳንዱ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት። ከ2002 እስከ 2010 አዳመጡ፤ ምንም አልሰሙም።

በመስከረም 2010 ግን ግሩም ምልክት ታየ። ተመራማሪዎቹ ወራት ፈጅተው መረመሩት፣ ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍም አዘጋጁ። በመጋቢት 2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሰብስበው የታሸገው ፖስታ ሲከፈት ምልክቱ ሆን ተብሎ የተጨመረ የሐሰት ምልክት ነበር። ራሳቸውን ሊፈትኑ አስቀድመው የተስማሙበት ነው። እኛ መድኃኒት ስንሞክር ሐኪሙም ታካሚውም የትኛው እውነተኛው እንደሆነ እንዳያውቁ እንደምናደርገው ማለት ነው።

መሣሪያው ተሻሽሎ ሲመለስ፣ በሴፕቴምበር 14 ቀን 2015፣ ሞገዱ መጣ። በእኛ መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ሰዓቱ ለሰባት አሥር ጉዳይ ነበር። እኛ የእንቁጣጣሽ ድካም ሳይለቀን ምሳ ልንወጣ ስንል፣ ሉዊዚያና ውስጥ ገና አልነጋም። መጀመሪያ ያየው ጀርመን፣ ሃኖቨር የሚሠራው ወጣቱ ጣሊያናዊ ማርኮ ድራጎ ነው። ያደረገው ምን መሰላችሁ? አልጨፈረም። «ይሄ ፈተና ይሆን?» ብሎ ከባልደረባው ጋር ስልክ መደወል ጀመረ። ፈተና አልነበረም። የፀሐይን 36 እና 29 እጥፍ የሚከብዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተጋጭተው ነበር። ያ ሁሉ ኃይል እኛ ጋ ሲደርስ 4 ኪሎ ሜትሩን ክንድ ያነቃነቀው ከፕሮቶን ስፋት እጅግ ባነሰ ነው። ዜናው በየካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲነገር በጽሑፉ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ስሞች ነበሩ። በ2017 ዋይስ፣ ቶርንና ባሪ ባሪሽ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ድሬቨር በዚያው ዓመት ቀደም ብለው አርፈው ነበር።

ወደ ዋርዳችን ልመለስ። ያን ሌሊት ሳነብ አድሬ ጠዋት ኢንተርኑን ፈለግኩት። «ያን ዕለት የጠየቅከኝን አላውቀውም ነበር፤ ና አብረን እንየው» አልኩት። ደንግጦ አየኝ። ወደ እናታችን ሄድን። የነሐሴ ብርድ ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ብርድ ልብስ ደረብንላቸው፣ አጠገባቸው የተሰካውን የስልክ ቻርጀር ነቀልን፣ እጃቸውን አሳርፈው እስኪረጋጉ ጠብቀን ኢሲጂውን ደግመን አነሳን።

መንቀጥቀጡ ጠፋ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት መኖር ያለባት ትንሿ ጉብታ ቁልጭ ብላ ወጣች። እኔን ያሳሳተኝ አልፎ አልፎ ጣልቃ የሚገባ ተጨማሪ ምት ኖሯል። የላይኛው የልብ ክፍላቸው ደህና ነበር። ሦስት ቀን የወሰዱትን ዋርፋሪን አቆምን። ደም ሳይፈሳቸው በመቅረቱ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ለልጃቸውም የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳት።

ውድ መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች፣ እኛ ስንማር «አላውቅም» የሚል መምህር ብዙ አላየንም። እኛም በተራችን ያንኑ ወረስን። ውጤቱ «ምንም አላገኘሁም» የሆነ ተማሪ ሥራው እንደከሸፈ ሲነገረው ዝም ብዬ ያለፍኩበት የመመረቂያ ፈተና አለ፤ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዘንድሮ የማማክራቸው ሬዚደንቶች የጽሑፋቸውን የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚጀምሩት ውጤታቸውን ሊያሳስት የሚችለውን ሁሉ በመዘርዘር ነው። ሥራው ሲታተምም ስማቸው ከስሜ ይቀድማል።

ኢንተርኑ ተመርቆ አሁን ክፍለ ሀገር ነው ያለው። በቀደም አንድ ኢሲጂ በስልክ ልኮልኝ «ዶክተር፣ ይሄስ?» አለኝ። አይቼ አይቼ አልገባኝም። «አላውቅም፣ ድገመውና ላክልኝ» አልኩት።