የዓሣ ሙጫ፦ ከኦቶማን ቀስት እስከ ሐላል ጄላቲን

ከረሜላ ወይም የመድኃኒት እንክብል ስትገዙ ማሸጊያው ላይ «ጄላቲን» የሚል ቃል አይታችሁ ይሆናል። ከምን እንደተሠራ ካልተጻፈ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በዓለም ገበያ ያለው አብዛኛው ጄላቲን ከአሳማ ቆዳ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ዓሣ ግን መታረድ አያስፈልገውም፤ ከዓሣ ማውጣቱም አዲስ ነገር አይደለም።

ሱልጧን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ እ.ኤ.አ በ1453 ቁስጥንጥንያን ከከፈቱ በኋላ ከከተማይቱ ዳር ሰፊ መስክ ለቀስተኞች ተከለለ። ስሙ እስከ ዛሬ ኦክሜይዳን፣ «የቀስት ሜዳ» ነው። እዚያ የሚወረወርበት ቀስት ከአንድ እንጨት የተጠረበ አልነበረም። መሐሉ እንጨት፣ በተኳሹ በኩል የጎሽ ቀንድ፣ በውጭ በኩል የእንስሳት ጅማት ነው። ሲለጠጥ ቀንዱ ይጨመቃል፣ ጅማቱ ይሳባል። ሁለቱን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ሙጫ ብቻ ነው! ሙጫው ከለቀቀ ቀስቱ በተኳሹ እጅ ላይ ይበታተናል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከጅማት ሙጫ ሌላ ከዳንዩብ ወንዝ ስተርጅን የተባለ ትልቅ ዓሣ፣ ሰው ከማይበላው የላንቃው ቆዳ፣ ሙጫ ያወጡ ነበር። አንዱ ቀስት ተሠርቶ እስኪያልቅ ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን የነበረው የኦቶማን ኤምባሲ ጸሐፊ ማሕሙድ ኢፌንዲ በእንዲህ ዓይነት ቀስት ነፋስ እያገዘው ከ400 ሜትር በላይ ወርውሮ የእንግሊዝ ቀስተኞችን አስደንቋል።

ቀስት ሠሪዎቹ ስሙን አያውቁትም እንጂ የሚያወጡት ኮላጅን ነበር። ኮላጅን እንደ ገመድ የተገመዱ ሦስት ክሮች ያሉት ፕሮቲን ነው። ይህን ቅርጹን ያሳዩት የሕንዱ ሳይንቲስት ራማቻንድራንና ባልደረባቸው ካርታ ናቸው፤ እ.ኤ.አ በ1954፣ ማድራስ ውስጥ። ክሮቹ በሙቅ ውኃ ሲፈቱ ጄላቲን ይሆናሉ። ዛሬም ፋብሪካው የሚሠራው ያንኑ ነው፦ የዓሣው ቆዳ ይታጠባል፣ በቀጭን አሲድ ይዘፈዘፋል፣ በሙቅ ውኃ ይወጣል፣ ተጣርቶ ይደርቃል።

ችግሩ እንደ ኮድ ካለ የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ የሚገኘው ጄላቲን ቶሎ አይረጋም፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የሞቃት ውኃ ዓሣ ግን ይሻላል፤ የቲላፒያ፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ፣ ቆዳ የሚሰጠው ጄላቲን ለእንስሳቱ በጣም ይቀርባል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያ ቆዳና ጭንቅላት የት እንደሚሄድ አይቷል፤ ለአባ ኮዳዎቹ ይወረወራል።