ቀላድና ድምፅ፦ የአንድ የግብር አዋጅ ታሪክ

የሕግ ታሪክ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ አፈጻጸማቸው በልኬትና በቆጠራ ላይ የተመሠረተ ሕጎች ብዙዎች በመሆናቸው መሐንዲስም በዚህ ረገድ የሚለው አለው። ይህ አጭር ጽሑፍ በ1957 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ስለ ወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅና በጎጃም ስለ ገጠመው ዕድል ያትታል።

በ1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተካሄደ፤ ከዚያም በየ4 ዓመቱ ቀጠለ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ግን የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለእንደራሴነት ለመወዳደርም ንብረት ያስፈልግ ነበር። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ የምርጫ ክልል በተቻለ መጠን 200,000 ሕዝብ እንዲይዝ ተደነገገ። ነገር ግን በአገሪቱ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ክልሎቹ የተከፈሉት በግምት ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ሳይቆጠር ድምፁ ተቆጠረ።

የመሬቱም ነገር ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በደቡብ አውራጃዎች መሬት በቀላድ ተለክቶ፣ በጋሻ ተሰፍሮ፣ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመድቦ ነበር። ቀላዱ ግን በብዙ ቦታ የመጣው ከወታደር ጋር ነበርና፣ ገመዱ ካለፈ በኋላ ባለመሬት የነበረው ጭሰኛ ሆኖ የቀረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ርስታቸው ስላልተለካ፣ በጋሻ ሳይሆን በቀድሞው የግብር ልማድ ይከፍሉ ነበር። የጎጃም ገበሬ ቀላድ ሲባል የርስት መነጠቅን የሚያስበው በከንቱ አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤት ከተከራከረበት በኋላ አዋጁ በ1960 ዓ.ም. ወጣ። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። አስራትን በመተካት፣ ግብሩ እንደ ምርቱ መጠን ከፍ ዝቅ እያለ እንዲከፈል፣ ብዙ ያለው ብዙ እንዲያዋጣ ታስቦ ነበር። የገበሬው ገቢ ግን በመዝገብ የማይገኝ በመሆኑ ገማቾች እየዞሩ ምርቱን መገመት ነበረባቸው። መሬቱ ሳይለካ ምርቱን የሚገምት ሰው፣ በገበሬው ዓይን፣ ቀላድ ደብቆ የመጣ ለኪ ነበር።

በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች የተነሣው ተቃውሞ ወደ ሌሎችም ተዛመተ፤ ገማቾች ተባረሩ፤ ጦር ተላከ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ለሕዝቡ ተማረ። ሕጉ በወረቀት ላይ ጸንቶ ሳለ በጎጃም ምድር ሳይሠራ ቀረ። የጭሰኛውን መብት ለመጠበቅ የተረቀቀው ሕግ ደግሞ ከምክር ቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመኑ በ1966 ዓ.ም. ተለወጠ።

የእነዚያን ገበሬዎች ፍርሃት በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው አይደለም። ለአንድ የገጠር መንገድ ቅየሳ በወጣንበት ወቅት አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ የምትለኩት ለመንገድ ነው ወይስ ለግብር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሥራ ተቻኩዬ ስለ ነበር በቅጡ አልመለስኩላቸውም። በማግሥቱ የተከልናቸውን ችካሎች ተነቅለው አገኘናቸው። የቀበሌው ሽማግሌዎች ባሉበት፣ መንገዱ የማንን ማሳ እንደሚነካ አስረድተን ዳግመኛ ስንተክላቸው ግን ማንም አልነካቸውም። መሣሪያው ያው ነበር፤ ልኬቱም አልተለወጠም።

በ1990ዎቹ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር፣ ከነዋሪው የተመረጡ ኮሚቴዎች ወሰን በመለየቱ ሥራ ተካፍለዋል። ይህ የወሰን ክርክርን ሁሉ አላጠፋም፤ ሆኖም የጎጃም ገበሬ አያቶቹ የሸሹትን ልኬት ራሱ ቆሞ እንዲያስለካ አስችሎታል።

እንግዲህ ከምርጫ በኋላ የሚወጣ ሕግ የሕዝብ እንደራሴዎች ስላጸደቁት ብቻ በገበሬው ማሳ ላይ ይጸናል ማለት አይደለም። ሕግ አውጪው ድምፅ ይቆጥራል፤ አስፈጻሚው መሬት ያስለካል፤ እኛ የሙያው ሰዎች ደግሞ ገመዱን እንይዛለን። የገመዱን ሌላ ጫፍ ማን እንደያዘው አስቀድመን ካልጠየቅን፣ ትክክለኛው ልኬታችን ራሱ የጠብ መነሻ ይሆናል።