የቧንቧው ደብተር

ከጋሸና ተነሥቶ ዐዲስ አበባ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚያርፈው ዘመድ ቤት ነው። እኔም ያረፍሁት አራዳ፣ አክስቴ ዘንድ ነበር። ቤቱ የጥንት ነጋዴ ቤት ነው፤ የእንጨት ሰገነቱ ዘሟል። በግቢው ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። «የማን ቤት ነው?» ብላቸው፣ «የቀበሌ ነዋ ልጄ!» አሉኝ።

ቀበሌ የሚባለው ባለቤት ከየት መጣ? ታሪኩ እንዲህ ነው።

አራዳ በምኒልክ ዘመን የከተማይቱ ገበያ ነበር። የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ነጋዴዎች በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት ቤት ሠሩበት። ኋላ ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዞረውም ቤቶቹ እዚያው ቀሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በላይ የሆነው ቤት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሲሰጥ፣ ከዚያ በታች ያለው ለቀበሌ ደረሰ። ኪራይም እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ልብ በሉ፤ ቀበሌው በአዋጁ የተሰጠው ስም «የከተማ ነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር» ነበር።

እንግዲህ ኅብረቱ ሠራ ወይ? በአንድ በኩል፣ አዎን። ድኻው በከተማው እምብርት፣ ከሥራውና ከልጆቹ ትምህርት ቤት አጠገብ መኖር ቻለ። በሌላ በኩል ግን የረከሰ ኪራይ ጣራ አያሳድስም። ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ ማውጣት ይፈራል። አክስቴ በክረምት ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ሳፋ ይደቅኑ ነበር።

እኔ ያየሁት ኅብረት ሥራ ግን ሌላ ነው። አክስቴ አንድ ደብተር ነበራቸው። የውሃው ሒሳብ ለሰባት ተካፍሎ ይጻፍበታል፤ የሽንት ቤት ማስመጠጫ መዋጮም እዚያው። ያጣ ሰው ሲኖር ስሙ ፊት ለፊት ባዶ ይተዋል፤ ማንም አይጠይቀውም፣ ሲያገኝ ይከፍላል። ይህን ያዘዘ አዋጅ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የአክስቴም ክፍል አብራ ፈረሰች። ራቅ ካለ ሠፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። ጣራው አያፈስም፤ ሽንት ቤቱም የብቻቸው ነው። ይህን አላቃልልም፤ አክስቴም አያቃልሉትም። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ደንግጓል። ስም አሁንም አልጠፋም ማለት ነው። ሰባቱ አባወራ ግን በየአቅጣጫው ተበተኑ።

ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ደብተሩ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጦ አየሁት። «ምን ይጻፍበታል ታዲያ?» አልኋቸው። «የጎረቤቴን ስም ገና አላወቅሁትም» አሉኝ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሠፈር ሲነሣ የቤቱ ስፋት ይለካል፣ አባወራውም ይቆጠራል። ማን ከማን ጋር ውሃ ይካፈል እንደ ነበር ግን ማን መዘገበ? እናንተም ባረፋችሁበት ግቢ እንዲህ ያለ ደብተር ካለ፣ ሳይፈርስ ቅዱት። ታሪክ ማለት እሱም ነው።