ዕጣ ያልወጣለት ደቀ መዝሙር
ስለ ዮሴፍ በርስያን

ጌታችን ካረገ በኋላ፥ መንፈስ ቅዱስም ሳይወርድ፥ በመካከሉ ባሉት 10 ቀኖች 120 የሚያህሉ ወንድሞች በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ሳሉ ቅዱስ ጴጥሮስ በይሁዳ ስፍራ የሚተካ ሰው እንዲመረጥ ተናገረ። ለዚህ ሹመት የሚታጨው ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ እስከ ዕርገት ድረስ ከጌታ ጉባኤ ያልተለየ ሰው ነበር። ሁለት ተገኙ፤ ዮሴፍና ማትያስ። ዕጣው ለማትያስ ወጣ፤ ዮሴፍም ከዚያ ወዲያ በሐዋርያት ሥራ አልተነሣም።

ይህ ሰው ሦስት ስም አለው። ዮሴፍ በዕብራይስጥ «ይጨምር» ማለት ነው። በርስያን፥ በጽርዑ በርሳባስ፥ በሱርስት የወጣ ቅጽል ነው። ኢዮስጦስ በሮማይስጥ «ጻድቅ» ማለት ነው። ስሙ ከሌሎች ጋራ ስለሚመሳሰል ብዙዎች ተሳስተዋል። በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈው ቤዛ የሚባለው ብራና እንኳ በርናባስ ብሎታል። ነገር ግን በርናባስ የቆጵሮስ ሌዋዊ ሲሆን ስሙን ያወጡለት ሐዋርያት ናቸው፤ በምዕራፍ 15 ወደ አንጾኪያ የተላከው በርስያንም ይሁዳ ነው፤ በምዕራፍ 18 በቆሮንቶስ ቤቱ ለጳውሎስ የተከፈተለት ኢዮስጦስም ሌላ ነው።

እንግዲህ ስሙ «ይጨምር» የተባለው በ11ዱ ላይ ሳይጨመር ቀረ። ሰሙን ብቻ የሚያይ ሰው ዮሴፍ ተናቀ ይላል፤ ወርቁ ግን ሌላ ነው። ጉባኤው ሁለቱንም እኩል የበቁ አድርጎ አቆማቸው፤ ልብን የሚያውቅ አምላክም አንዱን ለአንድ ስፍራ ለየ። ስፍራው አንድ ስለ ነበረ እንጂ በዮሴፍ ነውር ስለ ተገኘ አይደለም።

ከዚያስ ኰርፎ ሄደን? የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያናችን 72ቱ አርድእት ከምትላቸው ወገን እንደ ነበሩ ይነገራል ይላል። ደግሞም በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የኢያራጶልስ ኤጲስ ቆጶስ ጳጵያስ፥ ኢዮስጦስ የሚገድል መርዝ ጠጥቶ በጌታ ጸጋ አንዳች እንዳልጐዳው መጻፉን ይመሰክራል። ቃሉ አጭር ነው፤ ቢሆንም ሹመት ያልደረሰው ሰው ጸጋ እንዳልተለየው፥ ወንድሞችም እንዳልረሱት ያስረዳል።

ምእመናን ሆይ፤ በኢዮቤልዩ በዓል የአለቆችና የመሪዎች ስም መጻፉ የተገባ ነው። ነገር ግን ድንጋይ የተሸከመ፥ ውሃ የቀዳ፥ በሌሊት ለማኅሌት የቆመ፥ ሹመትም ሳይደርሰው በአገልግሎቱ የጸና ሰው በማንኛውም ደብር አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ዮሴፍ በርስያን አብነቱ ነው፤ ከመመረጡ በፊት የተከተለ እንጂ ለመመረጥ ብሎ የተከተለ አልነበረምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።