አስቴር የሰበሰበችው፣ ማንም ያልሰፋው

እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊቷ ሳሊ ማቮር አንድ የሕፃናት ግጥሞች መጽሐፍ አሳተመች። ሥዕሎቹን የሠራችው በብሩሽ ሳይሆን በመርፌና በክር ነው። የሱፍ ጨርቅ ቆርጣ ሰፋች፤ ለትንንሾቹ ሰዎች እጅና እግር ሽቦ ላይ ክር ጠመጠመች፤ ጭንቅላታቸውን ከእንጨት ዶቃ፣ ቆባቸውን ከዛፍ ሥር ከተለቀመ የፍሬ ቆብ ሠራች። ከዚያ የተሰፋው ሁሉ ፎቶ ተነስቶ የመጽሐፍ ገጽ ሆነ። በ2011 የቦስተን ግሎብ–ሆርን ቡክ ሽልማትን አገኘ፤ በእጅ የተሰፉት ሥራዎችም በየሙዚየሙ ዞረው ታዩ።

ማቮር ግጥሞቹን አልፈጠረቻቸውም። እንዲህ ያሉ የልጆች ግጥሞች ለንደን ውስጥ ቢያንስ ከ1744 ጀምሮ በመጽሐፍ ታትመዋል። ቀድሞ ሰምቶ የጻፈ ባይኖር የምትሰፋው ባልኖራት ነበር።

ወለጋም የሰማና የጻፈ ሰው ነበራት። አስቴር ጋኖ ትባላለች።

አስቴር በልጅነቷ ለባርነት ተዳረገች። በ1886 ባሮች የጫነችውን ጀልባ የጣሊያን መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሲይዛት ነፃ ወጣች፤ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባች። እዚያ ያገኛት ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እሱም ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው፣ የቋንቋ ተሰጥዖዋን አይቶ የኦሮምኛ ቃላት እንድትሰበስብ አደረገ። እሷ ግን በቃላት ብቻ አልቆመችም። አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 እምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ «ጀልቀበ በርሲሳ» ውስጥ ገቡ።

እስቲ ይታሰብ። ለባርነት የተዳረገች ልጅ፣ ከአገሯ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የሰፈር ልጆች ማታ ማታ የሚጠያየቁትን ሂቦ ከራሷ ትውስታ እያወጣች ወረቀት ላይ ስታሰፍር። ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበረች። በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሥራም ብዙ ደክማለች፤ በርዕስ ገጹ ላይ ተርጓሚ ተብሎ የተጠቀሰው ግን ኦኔሲሞስ ነው። በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ አስቴር ነቀምቴ አስተማረች። ያረፈችው በ1964 ነው።

ማንበቢያው የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። የዛሬው የጉቶ ጊዳ ልጅ ደግሞ ኦሮምኛን የሚማረው ከ1991 ወዲህ በትምህርት ቤት በገባው በቁቤ ነው። የቅድመ አያቶቹን ሂቦ በመጀመሪያው ኅትመት ላይ ቢያገኘው እንኳ ፊደሉ ይገታዋል። ፊደልን መቀየር ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ገጹን ገልጦ እንዲቆይበት ማድረግ ነው። በኮምፒውተር ተስሎ ለየትኛውም አገር የሚሸጠው ፈገግተኛ አንበሳ ይህን አይሠራም።

ጨርቅ በመጽሐፍ ውስጥ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በብራና መጻሕፍት ሥዕል ላይ እንደ መጋረጃ የተሰፋ ቁራጭ ጨርቅ ይገኛል፤ የገበታው የውስጥ ፊት በሐር ወይም በጥለት ይለበጣል፤ በገጹ ጠርዝ የተሰፋች ባለቀለም ክር ሥዕሉ የት እንዳለ ታመለክታለች። በነቀምቴው ወለጋ ሙዚየም የተቀመጡት የእጅ ሥራዎችም የአካባቢው እጅ ምን እንደሚችል ያሳያሉ። ስፌትና ጥልፍ የሚያውቁ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ለአንድ ሂቦ አንድ ክንድ አቡጀዲ፣ ጥቂት ድርና ማግ፣ ለላም ዓይን ሁለት የቡና ፍሬ ይበቃል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢታሰብ ሽፋኑ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጻፈው ስም አስቴር ጋኖ መሆን አለበት። የሰፊዎቹ ስም ከሥሯ ይከተላል፣ የአንዳቸውም ሳይቀር።