ስለ ፈረስ ውርርድ ቀረጥ በእንግሊዝ አገር የሆነው ዜና

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1853፣ በፈረስ እሽቅድምድም ገንዘብ የሚያስይዙበት የውርርድ ቤት ሁሉ ይዘጋ የሚል ሕግ በእንግሊዝ አገር ወጣ። ቤቱ ቢዘጋም ሰዉ ውርርዱን አልተወም፤ ወደ ጐዳና ወጣ እንጂ። በ1906 ደግሞ፣ በመንገድ ላይ ውርርድ ሲቀበል የተገኘ ሰው በፊተኛው ጥፋት እስከ 10 ፓውንድ፣ በሁለተኛው እስከ 20 ፓውንድ እንዲቀጣ፣ በሦስተኛው ግን እስከ ወኅኒ እንዲደርስ ተደነገገ። ባለጸጋው በዱቤ የሚያወራርደው ሰው ስለ ነበረው፣ ከእልፍኙ ሳይወጣ በስልክና በቴሌግራም ይወራረድ ነበርና ይህ ሕግ እርሱን አልነካውም።

የጐዳናው ሥራ እንዲህ ነበረ። ሠራተኛው የፈረሱን ስምና የሚያስይዛትን ሽልንግ በብጫቂ ወረቀት ጽፎ፣ ፖሊስ ቢያገኘው እንዳይታወቅ በገዛ ስሙ ፋንታ የቅጽል ስም ፈርሞ፣ በመንገድ ማዕዘን ለቆመው ተላላኪ ይሰጠዋል፤ ተላላኪውም ወረቀቶቹን በከረጢት ሰብስቦ አፏን ሲቈልፍ፣ በአፏ ላይ የተገጠመው ሰዓት የተዘጋችበትን ደቂቃ ይዞ ይቀራል፤ እሽቅድምድሙ ካለቀ በኋላ ተሰርቃ የገባች ወረቀት እንዳትኖር ይህ ምስክር ነበረ። ሕግ የካደው ሥራ፣ ሕግ ከሚያውቃቸው ከብዙዎቹ ይልቅ በሥርዓት ይጠበቅ እንደ ነበር ስናይ እንገረማለን።

በ1926 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሚስተር ዊንስተን ቸርችል ለግምጃ ቤቱ ገቢ ሲሹ፣ ዓይናቸውን በዚሁ ነገር ላይ ጣሉ። አስቀድመው ከመቶ 5 አስበው ነበር፤ ክርክሩ ከበረታ በኋላ ግን በእሽቅድምድሙ ሜዳ ለሚደረገው ውርርድ ከመቶ 2፣ ከሜዳው ውጭ ለሚደረገው ከመቶ 3 ተኩል እንዲሆን ተቈረጠ። መንግሥት ከኃጢአት ትርፍ ይካፈላልን የሚል ማጕረምረምም በሃይማኖት ሰዎች ዘንድ ተነሣ። ቀራጭና ኃጥእ በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው በቅዱስ መጽሐፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚያ ማዕድ የተቀመጠው ጌታ ግን ድርሻ አልጠየቀም።

ቀረጡ በኖቬምበር 1 ቀን ጸና። በዚያው ወር በዊንዘር ሜዳ አወራራጆቹ አናወራርድም ብለው አደሙ። የቅሬታቸው ሥር ይህ ነው፦ ቀረጡ የተጣለው በትርፋቸው ላይ ሳይሆን በሚያዘው ገንዘብ ሁሉ ላይ ነበር፤ ከ100 ፓውንድ ውርርድ ለአወራራጁ የሚቀረው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከዚያው ከጥቂቱ 2 ፓውንድ ሲነሣ የእንጀራውን እኩሌታ እንደ መውሰድ ይቈጠራል። የጐዳናው ሰው ግን በሕግ ዘንድ የሌለ ሰው ነውና ምንም አይከፍልም፤ ከፋዩም ወደማይከፍለው መኰብለሉ አልቀረም። ስለዚህ ቀረጡ በ1928 ተቀንሶ በ1929 ተሻረ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፣ የሁሉን ገንዘብ በአንድ ሰብስቦ፣ ተቀናሹን አስቀርቶ፣ የቀረውን ለአሸናፊዎች የሚያካፍለው የቶታላይዘተር ሥራ በኒውማርኬትና በካርላይል ተጀመረ።

ከዚህ በኋላ 30 ዓመት ያህል የጐዳናው ከረጢት እንደ ተቈለፈ ኖረ። በ1960 በወጣው ሕግ መሠረት በሜይ 1 ቀን 1961 የውርርድ ሱቆች በግልጽ ተከፈቱ፤ እንደራሴዎቹ ግን ሰው በዚያ ደስ ብሎት እንዳይቀመጥ ፈርተው ነበርና፣ መስኮቱ ውስጡን እንዳያሳይ፣ መጠጥም ሆነ ቴሌቪዥን እንዳይገባ አዘዙ። ሱቁ ሐዘን ቤት መሰለ። ግምጃ ቤቱም በ1966 ከመቶ 2 ተኩል ብሎ ተመለሰ፤ ቀረጡም በየጊዜው እያደገ ሄደ።

በኋላ ዘመን ተወራራጁ ገንዘቡን በመስኮቱ ሲያቀብል ገንዘብ ተቀባይዋ፣ «ታክሱን አሁን ትከፍላለህ ወይስ ስታሸንፍ?» ትለው ነበር። አሁን ካለ በየፓውንዱ 9 ፔንስ ይጨምራል፤ ስታሸንፍ ካለ ከድሉ ላይ ይቀነስበታል፤ በፈረሱ የሚተማመን አሁን ይከፍላል፣ የሚጠራጠር ያቆያል። በኦክቶበር 2001 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን ቀረጡን ከተያዘው ገንዘብ አንሥተው በአወራራጁ ጥቅል ትርፍ ላይ ከመቶ 15 አደረጉት፤ ይህም አወራራጆቹ ከ75 ዓመት በፊት በዊንዘር የጮኹበት ነገር ነበረ። ገንዘብ ተቀባይዋም ከዚያ ወዲያ ያን ጥያቄ መጠየቅ ተወች።