ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፦ የእግር መንገድና የቀዘፋ ደረጃዎች ታሪክ በዋሽንግተን አካባቢ

በዚህ መጽሔት ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድራችንና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ሌሎች ጽፈዋል። እኛ ደግሞ በየበጋው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ተሰባስበን ስለምንወጣበት ጫካና ወንዝ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣን። ለዚህም ምክንያት አለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእሑድ ሽርሽራችን፣ ከታላቁ ፏፏቴ በታች በፖቶማክ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያቀዘቅዝ የነበረ አንድ ወጣታችን ተንሸራትቶ ውሃው ወሰደው። ውሃው ላዩን ሲያዩት የተኛ ይመስል ነበር። ደግነቱ ሁለት ሰዎች በካያክ ሲወርዱ ደርሰው ጎትተው አወጡት፤ ልጁም በሕይወት ተረፈ። ከአዳኞቹ አንደኛዋ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ይህ ውሃ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ ታውቁ ነበር?» ስትል ጠየቀችን። ከመካከላችን መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእግር መንገዱ

በመጀመሪያ ስለ እግር ጉዞ እንናገር። ቤንተን ማክካይ የተባለው የደን ባለሙያ በአፓላቺያን ተራሮች ጀርባ ላይ ረጅም የእግር መንገድ እንዲዘረጋ ሐሳብ ያቀረበው በ1921 ነበር። ይህን ሐሳብ በሥራ ለመተርጎም በዋሽንግተን በ1927 የፖቶማክ አፓላቺያን ትሬል ክለብ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም ማይረን ኤቨሪ ነበር። መንገዱ በ1937 ተገናኝቶ ተጠናቀቀ። ዛሬ ርዝመቱ 2,190 ማይል ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ 240 ማይል ያህሉን በፈቃደኝነት የሚጠብቁት የዚሁ ክለብ አባላት ናቸው።

በ1954 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ፣ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ለመኪና መንገድ እንዳይውል ሲሉ ጋዜጠኞችን ጋብዘው ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። የቦዩ ዳር መንገድ 184.5 ማይል ነው። ሜዳ ነው፣ አቀበት የለውም። ነገር ግን አብረው ከተነሡት መካከል ሙሉውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ዳኛውን ጨምሮ 9 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሌሎቹን እግር ውሃ ቋጥሮ አስቀራቸው። ሜዳውም ቢሆን ዝግጅት እንደሚጠይቅ ያን ጊዜ ታየ። ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

እንዲህ ያለው ተሞክሮ እየተጠራቀመ ሲሄድ መንገዶችን በደረጃ መመደብ ተለመደ። ለምሳሌ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የሚጠቀምበት ስሌት አለ። የሚወጣውን ከፍታ በጫማ፣ የመንገዱን ርዝመት በማይል ለክቶ ሁለቱን ያባዛል፤ ውጤቱን በ2 ያበዛና ካሬ ሥሩን ያወጣል። ከ50 በታች የሆነው ቀላል ነው፣ ከ200 በላይ የሆነው እጅግ አድካሚ ነው። 6 ማይል ርዝመትና 1,000 ጫማ አቀበት ያለው መንገድ 110 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከመካከለኛው በላይ ነው። ብዙዎቻችን በመኸር የምንሄድበት ኦልድ ራግ ከ9 ማይል በላይና ከ2,300 ጫማ በላይ ስለሆነ ከ200 ያልፋል።

እኛ በዚህ በኩል ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ከመካከላችን ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት የተጓዙ አሉ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን የገቡም አሉ። እነዚህን አባቶችና እናቶች ስለ እግር ጉዞ እናስተምራችሁ ማለት ድፍረት ይሆናል። ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። እግራችን ያለፈውን ፈተና ውሃም የሚቆጥርልን መሰለን። ከደጋ የመጣ ሰው አቀበቱን ቢያውቅም፣ አብዛኛው ዋና ሳይማር ነው ያደገው።

የውሃው ደረጃ

በፖቶማክ ላይ በክለብ ተደራጅቶ መቅዘፍ የቆየ ነገር ነው። የዋሽንግተን ካኑ ክለብ በ1904 በጆርጅታውን ተመሠረተ። በሚፈላና አረፋ በሚደፍቅ ውሃ ላይ የሚቀዝፉት ደግሞ በ1956 የካኑ ክሩዘርስ ማኅበርን መሠረቱ። በመላው አሜሪካ ደግሞ በ1954 አሜሪካን ዋይትዋተር የተባለው ድርጅት ተቋቁሟል፤ የወንዞችን የችግር ደረጃ መመዘኛ የሚያሳትመውም እሱ ነው።

መመዘኛው 6 ደረጃዎች አሉት። አንደኛው ውሃው የሚንቀሳቀስ፣ ሞገዱ ትንሽ፣ የወደቀ ሰውም ራሱን በቀላሉ የሚያድንበት ነው። ሁለተኛው ለጀማሪ ሰፊና ግልጽ መተላለፊያ ያለው ነው። ሦስተኛው ታንኳ የሚሞላ ሞገድ ስላለው ጀልባን በጠባብ ቦታ ማዞር መቻልን ይጠይቃል። አራተኛው ኃይለኛ ነው፤ የወደቀን ሰው ለማዳን የጓደኞቹ እርዳታ ያስፈልጋል። አምስተኛው ለተካኑ ብቻ ነው። ስድስተኛው ደግሞ ስሕተት ሞት የሚሆንበት፣ ለማለፍ የማይቻል ሊባል የደረሰ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የውሃው ቅዝቃዜ ከ50 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች ከሆነ ወንዙን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መቁጠር ይገባል የሚል የቆየ ምክር አለ። በሚያዝያ ፀሐይ ሲሞቀን ውሃው ገና ክረምት ላይ መሆኑን አንርሳ።

ደረጃው ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ዝናብ ቢጥል፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ፖቶማክ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ይሞላል። በአገራችን ደራሽ ውሃ የምንለው ዓይነት ነው። ስለዚህ ቀዛፊዎች ከቤት ሳይወጡ በሊትል ፎልስ ያለውን የወንዝ መለኪያ ይመለከታሉ። ከሊትል ፎልስ ፈጣን ውሃ በላይ ያለው የብሩክሞንት ግድብ ደግሞ ከላይ ለሚመጣ ሰው ጸጥ ያለ ይመስላል። ከሥሩ ግን ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ የገባውን ሰው ያንከባልላል። ብዙ ሰው ስለ በላ «የመስጠሚያ መኪና» የሚል ስም ወጥቶለታል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ግድብ ያዩት ይመስላል።

ታላቁ ፏፏቴ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 76 ጫማ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በካያክ የወረዱት በ1975 ቶም ማክዩዋን፣ ዊክ ዎከርና ዳን ሽነረንበርገር ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጧት ተነሥተው አልዘለሉም፤ ፏፏቴውን ለብዙ ጊዜ አጥንተውታል። የቶም ታናሽ ወንድም ጄሚ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በታንኳ ውድድር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል። እንዲህ ያሉ ሰዎች የነበሩበት ቡድን እንኳ በ1998 በቲቤት የጻንግፖን ወንዝ ሲወርድ፣ ዳግ ጎርደን የተባለው ጓደኛቸው በውሃው ተወስዶ ቀረ። ከፍተኛው ደረጃ ላይ መድረስ ከሞት ዋስትና አይሆንም።

የአገራችን ወንዞች

ይህ ታሪክ ከእኛም አገር ጋር ይገናኛል። በቤተዝዳ ያደገውና ቀዘፋን በፖቶማክ የተማረው ሪቻርድ ባንግስ በ1973 ከጓደኞቹ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረደ። ሶቤክ የተባለውን የጉዞ ድርጅቱንም በግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም የሰየመው ያኔ ነው። ነገር ግን በባሮ ላይ ከጉዞ ጓደኞቹ አንዱ ሰጠመ። ከዚያ በፊት በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ቡድን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ዓባይን ሲወርድ፣ እሱም አንድ አባሉን በውሃ አጥቷል። ዓባይ ከምንጩ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ድረስ ሙሉ በሙሉ የተወረደው በ2004 ነው፤ ወራጆቹ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ሲሆኑ ጉዞው 114 ቀን ፈጀባቸው።

ቀዘፋ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ላይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የተሠራ ታንኳ ሲቀዝፉ ኖረዋል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ይህን የሚያውቀው ከልጅነቱ ከሐይቁ ዳር ከአባቱ ሥር የተማረ ሰው ነው። በቆሎ ትምህርት ቤትም ቢሆን ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት የሚደግም፣ መምህሩ ሳያሳልፈው ወደሚቀጥለው ቤት የሚሻገር ተማሪ የለም። እንግዲህ ደረጃ የምንለው ነገር ከፈረንጅ የተዋስነው አይደለም። የረሳነው የራሳችን ነገር ነው።

እኛም ምን እናድርግ?

ለሚቀጥሉት ዓመታት ሽርሽራችን እንዲህ ቢደራጅ የሚል ሐሳብ እናቀርባለን። በእግር በኩል ጀማሪው ከስላይጎ ክሪክ ወይም በአሌክሳንድሪያ ካለው ከሆምስ ረን ይነሣ። ቀጥሎ የቦዩን ዳር ይሂድ፤ ከዚያ 1.7 ማይል የሆነውን የቢሊ ጎት መንገድ የመጀመሪያ ክፍል በድንጋዮቹ ላይ እየተንጠላጠለ ይለማመድ፤ ከዚያ ኦልድ ራግን ይውጣ። ስንቅና ድንኳን ተሸክሞ በአፓላቺያን መንገድ ማደር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በውሃ በኩል የሁላችንም መነሻ አንድ ይሁን፤ ኦልድ ራግን አሥር ጊዜ የወጣውም ከመጀመሪያው ይጀምር። መጀመሪያ በመዋኛ ገንዳ ዋና መማር ነው። ቀጥሎ ሕይወት አድን ጃኬት አጥብቆ በብላደንስበርግ በአናኮስቲያ የረጋ ውሃ ላይ መቅዘፍ ነው። ከዚያም ከክለብ አስተማሪ ጋር ወደ ቫዮሌትስ ሎክ መሄድ ነው። ከዚያ በላይ የሚያልፈው አስተማሪው «አልፈሃል» ያለው ብቻ ነው። በታላቁ ፏፏቴ ሸለቆ መዋኘትም ሆነ ውሃው ውስጥ ገብቶ መቆም ክልክል ስለሆነ፣ በሽርሽራችን ቀን ልጅም ሆነ አዋቂ ከውሃው ዳር ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ያች ደግ ሴት ዛሬ ብትጠይቀን መልስ አለን። ውሃው ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ አንብበን አውቀናል። እኛም ያን ቀን ስንተኛ ላይ እንደ ነበርን አውቀናል፤ ገና አልጀመርንም ነበር።

የሚቀጥሉትን 10 ዓመታት የጤናና የሰላም ያድርግልን።